ተጎታች ቤት ለሚጎትት መኪና ካሶኒ ሲሠራ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ፋብሪካው የሠራውን ካሶኒ አውርዶ፣ ለተጎታች ቤትና ለሞተር ሳይክል የሚመች የራስን ካሶኒ መሥራት። ደስ የሚል ሥራ ነው። በደንብ ከተሠራ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ካልተሠራ ግን ጣጣው የሚታወቀው ግቢ ውስጥ አይደለም፤ መንገድ ላይ፣ ኋላ ብዙ ቶን ተያይዞ እያለ ነው። ስለዚህ አንዳንዱን ጥያቄ ረዘም አድርጌ ነው የመለስኩት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ኋላው ድርብ ጎማ የሆነ ትልቅ ፒክአፕ አለኝ። ካሶኒውን አውርጄ ሻንሲው ባዶውን ቆሟል። በቦታው ጠፍጣፋ ካሶኒ ሠርቼ፣ ፊፍዝ ዊል (ካሶኒው መሐል ላይ ሆኖ የተሳቢውን አፍንጫ የሚይዘውን መያዣ) ተክዬበት፣ ከነዕቃው 7,000 ኪሎ የሚመዝን ተጎታች ቤት ልጎትት ነው። ከጋቢናው ጀርባ ደግሞ አንድ ክሮስ ሞተር ሳይክል በአግድም ልጭን አስቤያለሁ። ከጋቢናው ጀርባ እስከ ኋላ አክስሉ መሐል 213 ሳንቲ ሜትር ነው። ላሜራ ልገዛ ነው፤ ምን ዓይነት ልግዛ፣ ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ ላሜራውን ገና አትግዛ ወንድሜ። መጀመሪያ መኪናህን ሚዛን ላይ አውጣው። አሁን እንዳለ፣ ያለ ካሶኒ፣ ናፍታው ሞልቶ። የፊት አክስሉን ለብቻ፣ የኋላውን ለብቻ አስመዝን። ከዚያ የሹፌሩን በር ክፈትና ፍሬሙ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ። መኪናው ከነጭነቱ ቢበዛ ስንት ኪሎ መሆን እንዳለበትና እያንዳንዱ አክስል ስንት እንደሚችል እዚያ ላይ አለ። ሥራው ሁሉ የሚጀምረው ከእነዚህ ቁጥሮች ነው። "ይህን ያህል ቶን ይጎትታል" የሚለው የሻጭ ወሬ እዚህ ጋ አይጠቅምህም። መጎተት ሌላ፣ መሸከም ሌላ። ፊፍዝ ዊል ላይ የሚያያዝ ተሳቢ ደግሞ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን በቀጥታ መኪናህ ጀርባ ላይ ነው የሚጥለው።

ቁጥር እናስገባበት። የመኪናህ የክብደት ጣሪያ 6,350 ኪሎ ነው እንበል፤ ባዶውን ያለ ካሶኒ ደግሞ 3,600 መዘነ። 2,750 አለህ። ከዚህ ላይ ለካሶኒውና ለሣጥኖቹ 450፣ ለፊፍዝ ዊሉ ከነማሰሪያው 120፣ ለሰውና ለጓዝ 350፣ ለሞተሩ 130 ቀንስ። 1,700 ቀረ። ተሳቢው 20 በመቶውን ካሳረፈብህ 1,400 ነው፤ ይገባል፣ 300 ኪሎም ይተርፍሃል። ግን ጀነሬተሩም ባትሪውም ዕቃ ቤቱም ፊቱ ላይ የሆነ ተሳቢ 25 በመቶ ቢያሳርፍ 1,750 ይሆናል። አለፍክ ማለት ነው። አየህ፣ ካሶኒውን "ለጥንካሬ" ብለህ በወፍራም ላሜራ ብትሠራው እያንዳንዷ ኪሎ የምትቀነሰው ተሳቢው ከሚያሳርፈው ላይ ነው። የላሜራው ውፍረት የሚወሰነው ከዚህ ሒሳብ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። የኋላ አክስሉንም ጣሪያ እንዲሁ ለብቻው አስላ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞላው እሱ ነውና።

ቀጥሎ ፊፍዝ ዊሉ የት ይተከል? ካሶኒ ከመንደፍህ በፊት ይህን ነጥብ ሻንሲው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ኪንግ ፒኑ፣ ማለትም ከተሳቢው አፍንጫ ሥር ወደ ታች የወጣው 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ፔርኖ፣ ልክ ከኋላ አክስሉ መሐል በላይ ወይም ከዚያ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ጋቢናው ቀረብ ብሎ ማረፍ አለበት። ወደ ኋላ በፍጹም አይለፍ። በፊትና በኋላ አክስል መካከል 4.2 ሜትር አለ እንበል። 1,400 ኪሎውን ከአክስሉ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ብታሳርፈው የፊት ጎማዎችህ ላይ ከነበረው ክብደት 100 ኪሎ ይነሳል። ያ 100 ኪሎ የትም አይሄድም፣ ኋላ ላይ ይደመራል፤ የኋላ አክስሉ 1,400 ሳይሆን 1,500 ይሸከማል። ያንኑ ክብደት 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ብታሳርፈው ግን ፊቱ ከ30 ኪሎ በላይ ይጨምራል። መሪም የፊት ፍሬንም ሥራቸውን የሚሠሩት የፊት ጎማ መሬቱን ሲረግጥ ነው።

አሁን ወደ ሞተርህ እንምጣ። ደስ የማይለው ዜና እዚህ ጋ ነው። ተሳቢው ቀጥ ብሎ ሲቆም ከጋቢናው ጀርባ ያለው ቦታ ሰፊ ይመስላል። ስትታጠፍ ግን የተሳቢው የፊት ጥግ ክብ እየሠራ ወደ ጋቢናው ይመጣል። ስፋቱ 2.59 ሜትር የሆነ፣ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ ተሳቢ ውሰድ። ግማሹ 129.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ኪንግ ፒኑ ከፊቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ከተተከለ፣ ከፒኑ እስከ ጥጉ 133 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። (ሁለቱን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዛና ደምር፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን አውጣ።) አንተ 213 አለህ። ፒኑን 8 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ካመጣኸው 205 ይቀራል። ከ205 ላይ 133 ሲነሳ 72። የክሮስ ሞተር እጀታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አይገባም! ቢገባ እንኳ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ባዶ ክፍተት ያስፈልግሃል፤ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ የተሳቢው አፍንጫ ጎንበስ ስለሚል በሜዳ ላይ የለካኸው ክፍተት ይጠባል። ቁመቱንም አትርሳ። የሞተሩ እጀታ ከተሳቢው አፍንጫ ሆድ ከፍ ብሎ ከቆመ፣ የመጀመሪያዋ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ያገኘዋል።

ስለዚህ ምርጫህ ሁለት ነው። ወይ ሞተሩን ካሶኒው ላይ አለመጫን፣ ወይ ሻንሲው ረዘም ያለ መኪና መፈለግ። ፊፍዝ ዊሉን ወደ ኋላ ገፍቶ ለሞተሩ ቦታ መፍጠር የሚባል መፍትሔ የለም። ብዙ ሰው የሚፈተነው እሱ ላይ ነው፣ አደራ። ጥጎቹ ክብ የሆኑ ወይም ገባ ተደርገው የተቆረጡ ተሳቢዎች አሉ፤ ያንተ እንደዚያ ከሆነ ራስህ ለካው፣ የኔን 133 አትውሰድ።

ከፍታውም አለ። በካሶኒው ጠርዝና በተሳቢው አፍንጫ ሆድ መካከል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይኑር። መኪናውና ተሳቢው እኩል በማይዘነበሉበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከአስፋልት በአግድም ወደ ግቢ ስትገባ፣ በሁለቱ መካከል የ5 ዲግሪ ልዩነት ብቻ ቢፈጠር የተሳቢው ጥግ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። ጠርዙ ላይ ሳንዱቅ ወይም አጥር ልትሠራ ካሰብክ ከእሱ ጫፍ ነው መለካት ያለብህ። ከፍታውን ለማግኘት ብለህ ፊፍዝ ዊሉን ብቻ ከፍ ብታደርግ ደግሞ ተሳቢው አፍንጫውን ሰቅሎ ይሄዳል፣ ክብደቱም ወደ ራሱ የኋላ ጎማዎች ያጋድላል። ካሶኒውን ዝቅ ማድረግ ይሻላል። እንዲያውም የራስን ካሶኒ የመሥራት ትልቁ ጥቅም ለኔ ይህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊፍዝ ዊሉ የሚታሰረው ከካሶኒው ወለል ጋር አይደለም፣ ከሻንሲው ጋር ነው። ወለሉ ክፍተት ይተውለት፣ ክብደቱና ጉተታው ግን በወፍራም ማሰሪያዎች በቀጥታ ወደ ሻንሲው ይውረድ። ድንገት ፍሬን ስትይዝ ተሳቢው የሚገፋህ በዚያች ነጥብ በኩል ብቻ ነው።

ይህ ሥራ ከመዝናኛ ጋር ያለው ዝምድና ደግሞ የቆየ ነው። በ1914 ዲትሮይት ውስጥ ኦገስት ፍሩሃፍ የሚባል አንጥረኛ፣ ፍሬድሪክ ሲብሊ ለተባለ የእንጨት ነጋዴ ጀልባውን ወደ ሐይቅ የሚያደርስለት ተሳቢ ሠርቶ ከፎርድ መኪና ኋላ አያያዘለት። ነጋዴው ስለወደደው እንጨት ለመጫንም ሌላ አዘዘ። የፍሩሃፍ የተሳቢ ኩባንያ ከዚያ ነው የተነሳው።

ጥያቄ፦ ብረት ይሻላል ወይስ አሉሚኒየም?

መልስ፦ ሁለቱም ይሆናል። አንድ ካሬ ሜትር 3 ሚሊ ሜትር የብረት ላሜራ 23.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 5 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ደግሞ 13.5 ኪሎ። 6 ካሬ ሜትር ለሚሆን ወለል 141 ኪሎ ከ81 ኪሎ ጋር ማለት ነው፣ የ60 ኪሎ ልዩነት። ከላይ ያለውን ሒሳብ ሠርተህ ጠቦህ ከሆነ 60 ኪሎ ትልቅ ነገር ነው። ካልጠበበህ በብረት ሥራው። የትም ቦታ የሚበይደው ሰው ታገኛለህ፣ ቢጎብጥም ይቃናል። አሉሚኒየም የራሱን ማሽንና የለመደ እጅ ይፈልጋል።

አሉሚኒየም ከመረጥክ ከብረቱ ሻንሲ ጋር በቀጥታ አታነካካው። ውሃ፣ በተለይ ጨው ያለበት ውሃ፣ በመካከላቸው ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል። ብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ካየህ ያ ነው። ጎማ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ በመካከላቸው አስገባ። ብረት ከሆነ ደግሞ ውሃ የሚቋጥርበት ኪስ አትተውለት፤ የተዘጋ ቱቦላሬ ውስጥ የገባ ውሃ መውጫ ካጣ ብረቱን ከውስጥ ነው የሚበላው፣ ቀለሙ ሳይነካ። ዝቅተኛው ቦታ ላይ ቀዳዳ ይኑር። ዚንክ የተቀባ ብረት የምትበይድ ከሆነ መጀመሪያ ዚንኩን ሞርደህ አስወግድ፣ ጭሱ ጤና ይጎዳል።

ጥያቄ፦ በያጁ "ካሶኒውን ሻንሲው ላይ በቀጥታ ልበይደው፣ ከብሎን ይጠነክራል" አለኝ። ልስማው?

መልስ፦ አትስማው። ጥሩ በያጅ ሊሆን ይችላል፣ ይህን ግን አትስማው።

የብዙ ከባድ መኪኖች ሻንሲ በሙቀት የተጠናከረ ብረት ነው። ስትበይደው ብየዳው ዙሪያ ያ ጥንካሬ ይጠፋል። በዚያ ላይ ሻንሲ የሚሠራው እንዲጣመም ተደርጎ ነው። አንዱ ጎማ ጉብታ ሲወጣ ሻንሲው ትንሽ ይጠመዘዝና ይመለሳል፤ በየቀኑ ስንት ሺህ ጊዜ። ካሶኒው ግን ሣጥን ስለሆነ መጠምዘዝ አይወድም። ሁለቱን ከበየድካቸው የሚታገሉት ብየዳው ጫፍ ላይ ነው። ስንጥቁ ሲጀምር ለዓይን አያስታውቅም፤ ቀለሙ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር፣ ከመስመሩ ውስጥ ደግሞ ቡናማ ዝገት ፈሰስ ብሎ ታያለህ። ብዙውን ጊዜ ከብየዳው ጫፍ ተነስታ ወደ ሻንሲው አግዳሚ ከንፈር ነው የምትሄደው። ያን ጊዜ ጥገናው የካሶኒ ሳይሆን የሻንሲ ሆኗል።

ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ሻንሲው እንደ ተኛ ዩ ፊደል ነው፤ አንድ ቋሚ ግድግዳና ከላይና ከታች ሁለት አግዳሚ ከንፈሮች አሉት። ቀዳዳ የሚበሳው ቋሚው ግድግዳ ላይ ነው፣ ያውም ፋብሪካው የተዋቸው ቀዳዳዎች ካልበቁ ብቻ። ከንፈሮቹን አትብሳቸው፣ አትቁረጣቸው፣ አትበይዳቸው። ትልቁ ጉልበት የሚያልፈው በእነሱ ነው። አምራቾች ካሶኒ ለሚሠሩ ሰዎች የሚያወጡት መመሪያ አለ፣ ለመኪናህ ሞዴል የሚሆነውን ፈልገህ አንብበው፤ የት መብሳት እንደሚቻልና እንደማይቻል በሥዕል ያሳያል።

ካሶኒው የራሱ ሁለት ረጃጅም ተሸካሚዎች ይኑሩት፣ በእነሱና በሻንሲው መካከል ጠንካራ እንጨት ወይም ወፍራም ጎማ ይግባ። የተሸካሚዎቹን የፊት ጫፍ ሰያፍ አድርገህ ቁረጠው። ደፍጣጣ ሆኖ ድንገት ካለቀ ሻንሲውን እዚያች ቦታ ላይ ይጫነዋል። ኋላ አካባቢ ቋሚው ግድግዳ ላይ በሚታሰር ወፍራም ላሜራ ድርቅ አድርገህ እሰረው። ወደ ጋቢናው ግን ሞላ ያለበት ማሰሪያ ተጠቀም፣ ሻንሲው ሲጠመዘዝ ትንሽ ከፍ ዝቅ እንዲል። ብሎኑ ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ይኑረው። ቁጥር የሌለው ብሎን ለዚህ ሥራ አይሆንም። አስረህ ከጨረስክ በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ሳትነዳ ሁሉንም ዳዶ እንደገና አጥብቅ፤ እንጨቱም ቀለሙም ተጭኖ ስለሚቀንስ የጠበቀው ይላላል።

ካሶኒውን ራሱን መኪናው ላይ እንዳለ የምትበይድበት ጊዜ ሊኖር ይችላል። ባትሪውን ንቀል፣ የማሽኑን መሬት ገመድ ከምትበይደው ብረት ጋር ቅርብ አድርገህ እሰር፣ የናፍታ ታንኩንና የፍሬን ቱቦዎችን ከልል። አሁን ያሉ መኪኖች በኮምፒውተር የተሞሉ ናቸው፤ የብየዳው ከረንት በእነሱ በኩል መንገድ ካገኘ ያቃጥላቸዋል።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥተን ከባለቤቴ ጋር በተጎታች ቤት ልንዞር ነው። ረጅም የጭነት መኪና ገዝተን ስማርት የምትባለዋን ባለ ሁለት ሰው መኪና ከጋቢናው ጀርባ በአግድም ጭነን፣ ከኋላ ደግሞ ተጎታች ቤቱን ማያያዝ እንፈልጋለን። ሲያደርጉት አይቻለሁ፤ ለኛም ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሆናል። ግን ሦስት ነገር ለኪ።

አንደኛ የመኪናዋን ርዝመት። በ1998 የወጣችው የመጀመሪያዋ ስማርት ፎርቱ 2.5 ሜትር ናት። ከእሷ በኋላ የመጡት 2.69 ሜትር ገደማ ሆኑ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተሽከርካሪ ስፋት ቢበዛ 2.55 ሜትር ነው፣ በአሜሪካ ዋና ዋና መንገዶች 2.59 ሜትር። ስለዚህ የድሮዋ በአግድም ስትጫን ከሁለቱም ውስጥ ትገባለች፣ አዲሷ ግን ከሁለቱም ታልፋለች። "ሌላ ሰው ሲያደርገው አይቻለሁ" የሚለው አያድንም። ከመግዛታችሁ በፊት እናንተ የምትነዱበትን አገር ሕግ እዩ።

ሁለተኛ ክፍተቱን። መኪናዋ ከተጫነች በኋላ ተሳቢው ሲታጠፍ የሚያገኘው ጋቢናውን ሳይሆን እሷን ነው። ወርዷ 1.56 ሜትር ነው እንበል። ላይኛው መልስ ላይ ያለውን 133 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያም ከጋቢናው በኩል 10፣ ከተሳቢው በኩል 15 ብትደምሪ ከጋቢናው እስከ ፊፍዝ ዊሉ 3.14 ሜትር ያስፈልጋል። መስተዋቶቿን ሳልቆጥር ነው። ለዚህ ነው ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ከባድ ጎታች መኪና ገዝተው ሻንሲውን የሚያስረዝሙት፣ ወይም ከሁለቱ የኋላ አክስሎች አንዱን የሚያስወጡት። ያ ሥራ የአንድ ግቢ በያጅ ሥራ አይደለም፣ ሻንሲ ማስረዘም ላይ ብቻ ለሚሠራ ባለሙያ ስጡት።

ሦስተኛው አጫጫኑ ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ካሶኒው ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ቢል፣ 2.4 ሜትር ርዝመት ባለው መወጣጫ ስትወጪ ዘንበሉ 25 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ይህ በጣም ቀጥ ያለ ነው፤ የመኪናዋ ሆድ ጫፉ ላይ ይያዛል። 3 ሜትር ከሆነ ወደ 19 ተኩል ይወርዳል፣ ከዚያም ቢረዝም ጥሩ ነው። መወጣጫው ሲወጣበት ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከካሶኒው ጋር በፔርኖ ወይም በካቴና ይያዝ። መንጠቆ ብቻውን አይበቃም። ጎማው ሲገፋው የሚሸሸው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ማሰሩ። ፍሬን ሲያዝ ጭነቱ ወደ ፊት የሚገፋበት ኃይል የክብደቱን 80 በመቶ ያህል ይደርሳል ተብሎ ነው የሚሰላው፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 50 በመቶ። 800 ኪሎ መኪና ወደ ፊት በ640 ኪሎ ኃይል ሊገፋ ይችላል ማለት ነው። እናንተ ግን በአግድም ስለምትጭኗት ይህ ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል የሚመጣው በመኪናዋ ጎን በኩል ነው። የእጅ ፍሬኗም ማርሿም እዚህ ላይ አያግዙም፣ የሚያግዘው ማሰሪያው ብቻ ነው። አራቱንም ጎማዎች በየራሳቸው ቀበቶ ላያቸው ላይ አስሩ፣ ከፊትና ከኋላ ሽብልቅ አድርጉ፣ ከጋቢናው በኩል ደግሞ ጎማዎቹ የሚደገፉበት ከወለሉ ጋር የተበየደ ወፍራም አንጎላሬ ይኑር። ቀበቶውን ከመኪናዋ ቦዲ ጋር ብታስሩት ግን ሞላዋ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ይላላል፤ አንድ ሰዓት ነድታችሁ ስትቆሙ እጅሽን ብትጭኚበት ይንጠለጠላል። ጎማው ላይ የታሰረው ቀበቶ ይህ ችግር የለበትም። የማሰሪያ ቀለበቶቹም ከወለሉ ላሜራ ጋር ሳይሆን ከሥሩ ካለው ተሸካሚ ጋር ይበየዱ።

ጥያቄ፦ ካሶኒውን ካሠራሁ በኋላ ተሳቢው ሲያያዝ መሪው ቀለለ፣ የፊት መብራቱም ወደ ላይ ያበራል። ኤር ባግ (ከኋላ ባሌስትራው ጋር የሚገጠመውን በአየር የሚነፋ ሞላ) ብጨምር ይስተካከላል ብለው ነገሩኝ። ፊፍዝ ዊሉ ከአክስሉ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነው፣ ከኋላ ጫፍም ትልቅ የመሣሪያ ሣጥን አለ።

መልስ፦ ችግሩን እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ።

ተሳቢው 1,300 ኪሎ ቢያሳርፍብዎትና በአክስሎቹ መካከል 3.6 ሜትር ቢኖር፣ ያ 40 ሳንቲ ሜትር ብቻውን ከፊት ጎማዎች 144 ኪሎ ያነሳል። ሣጥኑ ከነመሣሪያው 150 ኪሎ ሆኖ ከአክስሉ 1.2 ሜትር ወደ ኋላ ከተቀመጠ ሌላ 50 ያነሳል። ሲደመር 200 ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረው። መሪው ቢቀልልዎ አይገርምም።

ኤር ባግ ኋላውን ከፍ ያደርገዋል፣ መብራቱም ይወርድ ይሆናል። ከፊት የተነሳውን ክብደት ግን አይመልስም፤ ክብደቱን የሚወስነው ያረፈበት ቦታ ነው፣ የመኪናው አቋቋም አይደለም። እንዲያውም መኪናው ቀጥ ብሎ ሲታይ ችግሩ ያለቀ ይመስላል፣ መሪው ግን በእርጥብ መንገድ ላይ እንደቀለለ ነው። እባክዎ ገንዘብዎን እዚያ ላይ አያውጡ። ፊፍዝ ዊሉን ወደ አክስሉ መሐል ያስመልሱ። ሣጥኑን ደግሞ ከኋላ ጎማው ፊት፣ ከካሶኒው ጎን ሥር ያዛውሩት። 1 ሜትር ከአክስሉ ፊት ቢቀመጥ ያው 150 ኪሎ ፊቱ ላይ 42 ኪሎ ይጨምራል። ፊፍዝ ዊሉ ወደ ፊት ሲመጣ የተሳቢው ጥግ ጋቢናውን እንዳይነካ ግን አስቀድመው ይለኩ። ቦታው ከጠበበ ለጠባብ መታጠፊያ ብቻ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ፊፍዝ ዊል አለ፣ ለእርስዎ ዓይነቱ ነው የተሠራው። እስኪስተካከል ድረስ ተሳቢውን አያይዘው ረጅም መንገድ ባይወጡ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ገመዱ፣ መብራቱ፣ የናፍታ መሙያው የት ይሁን? ማንም ስለዚህ አያወራም።

መልስ፦ እውነት ነው፣ ሁሉም የሚያስታውሰው ወለሉ ከተበየደ በኋላ ነው።

የናፍታ መሙያው ቱቦ ከአፉ እስከ ታንኩ ሁልጊዜ ወደ ታች ይዘንበል፤ መሐል ላይ ጎበጥ ካለ ናፍታ እየተፋ ያስቸግራል። የአየር መውጫዋ ቀጭን ቱቦም አትታጠፍ። መኪናህ አድብሉ (የናፍታ ሞተር ጭስ የሚያጣራ ፈሳሽ) የሚጠቀም ከሆነ ለእሱ መሙያ ተራ ብረትና መዳብ አይሆንም፣ ይበላቸዋል። የፋብሪካውን ፕላስቲክ ክፍል ሳትጥል ተጠቀምበት። የኋላ ጎማ ሽፋኑን ከመበየድህ በፊት ባሌስትራው ጭነት ሲበዛበት ጎማው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ለክተህ ቦታ ተውለት።

ፍሬቻ፣ ስቶፕና የኋላ ማርሽ መብራት ከቀድሞው የባሰ ቦታ ላይ አይቀመጡ፤ ካሶኒው ከጋቢናው ከሰፋ የጎን መብራት የሚጠይቁ አገሮች ብዙ ናቸው። ገመዱ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ይታሰር፣ ብረት የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይኑረው፣ ከጭስ ማውጫው ይራቅ። የተሳቢውን ሶኬት ከፊፍዝ ዊሉ አጠገብ ወለሉ ላይ አድርገው፤ ገመዱ አጭር ይሆናል፣ ስትታጠፍም አይወጠርም። ተሳቢው የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው ጋቢና ውስጥ መቆጣጠሪያው ይገጠም፣ ገመዱም ወፍራም ይሁን።

ተሳቢው ድንገት ቢለያይ ፍሬኑን በራሱ የሚያስይዝ ቀጭን የሽቦ ገመድ አለ። ብዙ ሰው ፊፍዝ ዊሉ ላይ ይሰካዋል። ፊፍዝ ዊሉ ራሱ ከማሰሪያው ቢነቀል ገመዱ አብሮት ይሄዳል፣ ፍሬኑም አይዝም። ስለዚህ ከሻንሲው ጋር የተያያዘ የራሱ ቀለበት ሥራለት፣ ወለሉን ከመዝጋትህ በፊት።